ነገረ ቅራሪ

ከአዲስ አበባ የሚወጣ መንገደኛ በጅማ መንገድ ቢሄድ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ቢሄድ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ቢወርድ ሱሉልታን ሳያይ አያልፍም፤ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃልለው ክፍለ ከተማ ተብለዋልና፣ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሁሉ እንደ አንድ ከተማ ሰዎች ቆጥሮ ይጽፍላቸዋል። ለጠላ ወዳጅ ግን ይህ ከመወሰኑ አስቀድሞም ሦስቱ አንድ አገር ነበሩ፤ ይኸውም በሦስቱም በኩል ዋናውን ጎዳና ትቶ በኮረኮንቹ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው፣ ከአጥር በላይ በዘንግ ተሰክታ አፏን ወደ ምድር የደፋች ጣሳ ማየቱ ስለማይቀር ነው።

ስለዚህች ጣሳ ጥቂት ማለት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በከለከለ ጊዜ፣ ከዜና በፊት ሲዘፍኑ ከዜና በኋላ ሲያስጨፍሩ የኖሩት ቢራዎች ሁሉ ልሳናቸው ተዘጋ፤ ጣሳዋ ግን ቀድሞም ልሳን ስላልነበራት የሚዘጋባት አልተገኘም። ጠላው ሲደርስ ትሰቀላለች፣ ጋኑ ሲነጥፍ ትወርዳለች፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ለማንም አትሰጥም። ከማስታወቂያ ሁሉ እኔ አምኜ የምከተለው ይህን አንዱን ነው። ይሁን እንጂ ታማኝነቷ ፍጹም እንዳይባል አንድ ነገር ትሸሽጋለች፤ ከበታቿ የሚቀዳው ጠላ ይሁን ወይም ቅራሪ ከቶ አትናገርም።

ቅራሪን የማያውቅ ትውልድ እየበዛ ነውና ነገሩን ከጥንስሱ ልጀምር። ጠማቂዋ በመጀመሪያ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥበዋለች፣ ከታጠበም በኋላ በወይራ ታጥነዋለች፤ ያ ጭስ ኋላ በጠጪው አፍንጫ ሥር እንደ ገና እንዲነሣ ታስቦ የሚደረግ ነውና በዚህ የሚቸኩል ሰው ጠማቂ አይባልም። ከዚያ በኋላ የተወቀጠውን ጌሾ በውኃ ዘፍዝፋ ትጠነስሳለች፤ ጥቂት ቀን አሳድራ ብቅሉንና የተቆራረሰውን ቂጣ ትጨምራለች፤ ደግሞ እንኩሮውን በምጣድ አብስላ፣ አቀዝቅዛ ስትቀላቅልበት ነገሩ ሁሉ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉም ሲንተከተክ ከሰነበተ በኋላ ጋኑን በውኃ ሞልታ፣ አፉን መርጋ ትተወዋለች። በሱሉልታ ብርዱ ብርቱ ነውና ድፍድፉ እንደ ሰበታው ፈጥኖ አይነሣም፤ ስለዚህ አንዳንዷ ጋኗን ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች፣ አንዳንዷም ለልጆቿ ከምታለብሰው ብርድ ልብስ ለጋኑ ቀንሳ ትደርብለታለች፤ ልጆቹም በዚህ አይቀየሙም፣ የትምህርት ቤታቸው ደብተር ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉና።

መርጉ ተነሥቶ የመጀመሪያው ሲቀዳ ጠላ ይባላል፤ ከጎረቤት ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪም ፋርሶ ይለዋል። ጠላው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ግን ድፍድፉ ኃይሉን ሁሉ አልጨረሰም፤ አንዳንድ ጡረተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ከተሰናበተ በኋላ ምክር እንደሚተርፈው፣ ለእርሱም የሚተርፈው አለ። ጠማቂዋ ይህን ታውቃለችና ሁለተኛ ውኃ ታፈስበታለች፤ ያም አድሮ የሚቀዳው ቀጭን፣ ለስለስ ያለ፣ ከጌሾው ምሬት ጥቂት፣ ከወይራው ጭስ ጥቂት ይዞ የሚወርደው መጠጥ ቅራሪ ነው። ከቅራሪ በኋላ የሚቀረው አተላ ሲሆን፣ እርሱ የላምና የበግ ድርሻ ነውና በዚያ ጉዳይ የምሰጠው አስተያየት የለኝም።

ኃይላቸው ምን ያህል ነው ለሚል ሰው፣ ተራው የቤት ጠላ አልኮሉ ባብዛኛው በመቶ ከ2 እስከ 4 ነው፤ ፍልተር የሚሉት የተጣራው ጠላ 5 እና 6 ይደርሳል፤ የፋብሪካ ቢራም በ5 ዙሪያ ነው የሚዞረው። ቅራሪ ከእነዚህ ሁሉ በታች ተቀምጦ፣ ተርታውን ከማንም ሳይሻማ ይኖራል።

እንግዲህ አበው የናቁትን ልጆች ያከብሩታልና፣ ይህ ሁለተኛ ውኃ ዛሬ በፈረንጅ አገር ታላቅ ፈሊጥ ሆኖ መጥቷል። በለንደን ከተማ በርመንድሲ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2017 ስሞል ቢር የተባለ አነስተኛ ጠማቂ ቤት ተቋቁሞ፣ አልኮሉ ከ3 በመቶ በታች የሆነ ቢራ ብቻ እንጂ ሌላ አልጠምቅም ብሎ ተነሣ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ከ3.5 በመቶ በታች ለሆነው መጠጥ ቀረጡን አቀለለ። ሰው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሲጫወት፣ አንዱን ብርጭቆ በአንዱ ላይ እየደረበ ሳይሰክር የሚቆይበት ቢራ ማለት ነው፤ ለዚህም ትንንሽ ጠማቂዎች ብቅሉን እየመረጡ፣ ሙቀቱን እየለኩ፣ ብዙ ጥበብ ያፈሱበታል። ነገሩ ለእንግሊዞችም ቢሆን ፍጹም አዲስ አይደለም፤ በቀድሞው ዘመን በየቤታቸው ብርቱውን ቢራ ከቀዱ በኋላ በዚያው ብቅል ላይ ሁለተኛ ውኃ አፍስሰው፣ የሚወጣውን ቀጭን ቢራ ለአሽከሮቻቸውና ለልጆቻቸው ያጠጡ ነበር። በቤልጅግ አገር ትራፒስት የሚባሉት መነኮሳት ደግሞ ከዚህ በላይ ጥበበኞች ናቸው፤ ብርቱውን ቢራ ጠምቀው ለዓለማውያን ይሸጣሉ፣ ራሳቸው በማዕዳቸው ላይ የሚጠጡት ግን ቀጭኑን ነው። ዓለም ስካሩን ከነገንዘቡ ወሰደ፤ ገዳሙ ገንዘቡንም ልቡናውንም አተረፈ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የምንኩስና ሥርዓት ከነጋዴ ብልሃት ጋር ይህን ያህል ተስማምቶ መኖሩ ያስደንቀኛል።

በእኛም አገር የፈረንጁን ሥርዓት ተከትሎ በትንሽ መጠን መጥመቅ ያልተሞከረ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ቦሌ ጋርደን ብሮይ የተባለው ቤት በጀርመኖች ወግ ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው ሲቀዳ ብዙ ሰው አይቷል። ከነጭራሹ አልኮል የሌለውን ለሚፈልግም ሶፊ ማልትን የመሳሰለ የጠርሙስ መጠጥ አለለት። ነገር ግን እነዚህ ለየራሳቸው ሌላ ምዕራፍ የሚሹ ናቸውና አልፋቸዋለሁ።

ሰበታን ያነሣ ሰው ሜታን ሳያነሣ ቢያልፍ ግን የሰበታ ሰው አይምረውም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ለከተማይቱ ስምም እንጀራም ሆኖ ኖሯል። ከመንግሥት እጅ ሲወጣም፣ ዲያጆ የሚባለው የለንደን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ አሥር ዓመት ያህል ይዞት ከቆየ በኋላ ደግሞ ጊዮርጊስን ለሚጠምቀው ለቢ.ጂ.አይ. ለቀቀለት። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ስሙ ነው። አቦ የምንላቸው ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ ሳይጠቡ፣ የዚህን ዓለም መብልና መጠጥ ሳይቀምሱ የኖሩ ተሐራሚ ናቸው፤ የእኒህን ጻድቅ ስም የተሸከመው ቤት ግን ስንትና ስንት ሕዝብ ሲያስጠጣ ኖረ። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢራ አውራ ደግሞ በሰማዕቱ በጊዮርጊስ ስም ይጠራል። ሀገራችን ቢራዋን ከመጥመቋ በፊት ምልጃ ማሰቧ ከአርቆ አስተዋይነት የመጣ ይመስለኛል። ቅራሪ ግን ጠባቂ ቅዱስ የለውም፤ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ስለ ሆነ ምልጃ ሳያስፈልገው ቀርቶ ይሆናል። እንደዚሁም በ225 ሚሊዮን ዶላር የሚገዛው የለንደን ሰው እስከ ዛሬ አልመጣለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ወደ አቀዳዱ ሥርዓት ልግባ። በቃና ዘገሊላ ሰርግ ሊቀ ምርፋቁ ሙሽራውን ጠርቶ ስለ ወይኑ ያደረገው ንግግር የታወቀ ነው፤ የሰው ሁሉ ልማድ መልካሙን አስቀድሞ፣ እንግዳው ልቡን ከሳተ በኋላ ተራውን ማቅረብ ሲሆን፣ በዚያ ሰርግ መልካሙ ወደ ኋላ መቆየቱ አስደንቆት ነበር። ጥር 12 ቀን ይህ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲነበብ ምእመናን ሁሉ ተአምሩን ያደንቃሉ፤ እኔ ኃጢአተኛው ግን ከተአምሩ አጠገብ ሳይስተዋል የሚታለፈውን ልማድ አደንቃለሁ። ምክንያቱም ያ ልማድ ሁለት ሺህ ዓመት ሳይሻር፣ ሳይከለስ፣ ዛሬም በቡራዩ በጣሳዋ ሥር እንደ ታዘዘ ይፈጸማል፤ መጀመሪያ የገባው እንግዳ ጠላ ይቀዳለታል፣ ጨዋታው ሲደራና ዓይኑ ሲለዝብ የእንስራው ጉሮሮ ሳያስነቃ ወደ ቅራሪ ይዞራል። የሚያውቀው ያውቃል፤ የማያውቀውም ሒሳቡን ይከፍላል።

አንድ ጊዜ በቡራዩ በኩል፣ ከገፈርሳ ግድብ መለስ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጣሳዬ ሲጀመር ጠቆር ያለ ሆኖ ኋላ ነጣ ማለቱን አይቼ፣ ፍርድ ለመጠየቅ ያህል፣ «እትዬ፣ ይህ ጠላ ነው ወይስ ቅራሪ?» አልኋቸው። ሴትዮዋም ጣሳውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንሥተው እንደ ዳኛ መረመሩና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲገቡ ጠላ ነበር፤ ወሬዎ ረዝሞ ነው የቀጠነው» አሉኝ። በቤቱ ያሉት ሁሉ ሳቁብኝ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌም፣ «ኦቦ፣ እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያወጋሁትን ያህል ብርቱውን ብጠጣ ኖሮ ቀባሪዬ እርስዎ በሆኑ ነበር» ብለው የይግባኙን በር ዘጉት።

ሴትዮዋ ኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ የሙያውን ምሥጢር አጫወቱኝ። ከጠላው የሚገኘው ገንዘብ የገብሱን፣ የጌሾውንና የማገዶውን ዕዳ ከፍሎ ያልቃል፤ በመቀነታቸው ጫፍ የሚቋጠረው የቅራሪው ነው። የዕድሩ መዋጮ ከቅራሪ ይወጣል፤ ለጽዋ ማኅበሩ ተራቸው ሲደርስ የሚዘክሩት ከቅራሪ በተጠራቀመው ነው፤ ሴት ልጃቸውንም ኮሌጅ ያስገባው ይኸው ሁለተኛው ውኃ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለውን ተረት ከዚያ ቀን በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ ጠጠሩ የሚጠጣ መሆኑን ግን አልጠረጠርሁም።

ወንዶች ግን ቅራሪን በግልጥ አያዝዙትም። አንድ ወንድ ጠላ ቤት ገብቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቅራሪ ስጡኝ» ሲል ሰምታችሁ ከሆነ ምስክርነታችሁን ስጡኝ፤ እኔ አልሰማሁም። ሁሉም ብርቱውን ነው የሚያዝዘው፤ «ወፍራሙን» ይላል፣ «ያልተነካውን» ይላል፣ «ከሥሩ» ይላል፤ ብርቱ መጠጥ ማዘዝ የብርቱ ሰብእና ምልክት ይመስለዋልና። ከሰዓት በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ተቀምጦ የሚውልበት፣ ወንበሩን ሳይለቅ የሚያመሽበት መጠጥ ግን ሳያውቅ የሚጠጣው ቅራሪ ነው። ትዕቢቱ ጠላ ያዝዛል፤ ጉበቱ በቅራሪ ይኖራል። በዚህም ጠማቂዎቻችን ከዘመድ በላይ ባለውለታዎች ናቸው፤ ሰውን ከራሱ ትእዛዝ ያድናሉና።

ደግሞስ ሰው ጠላ ቤት የሚሄደው ለመጠጣት ነው የሚለው ማነው? ጥማት ብቻ የነዳው ሰው የሱሉልታን ምንጭ በፕላስቲክ አሽገው ከሚሸጡት ፋብሪካዎች አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ቢሄድ ይበቃው ነበር፤ ባለ ቅራሪዋም የዚያኑ አገር ውኃ ጥቂት ገብስ አሳይታ ነው የምትሸጥለት። የሚኬደው ለነገር ነው። በሰበታ ከየፋብሪካው ሥራ የወጡት ወጣቶች ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ያወጋሉ፤ በቡራዩ ሾፌሮችና ግንበኞች ስለ ናፍጣና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይከራከራሉ፤ በሱሉልታ የድርቆሹና የወተቱ ነገር፣ የተሸጠው መሬት፣ ያልተሸጠው መሬት፣ ተሸጦ የሚያስቆጨው መሬት አያልቅም። ይህ ሁሉ ሙግት ሰዓት ይፈልጋል። ብርቱ መጠጥ ደግሞ የሰዓት ጠላት ነው፤ በመጀመሪያው ጣሳ ሰው ማስረጃ ይጠራል፣ በሁለተኛው ድምፁን ይጠራል፣ በሦስተኛው ወንድሞቹን ይጠራል። የአረቄውን ነገር አልናገርም፤ አረቄ ቤት የተጀመረ ወግ ሲፈጸም አላየሁም። ቅራሪ ግን ባለጉዳዩን በልቡናው ላይ እንዳለ፣ ምላሱን ብቻ አለስልሶ እስከ ምሽት ያቆየዋል። ብዙ የተጣሉ ሰዎች በሽምግልና የታረቁት በጠላ እንደ ሆነ ይነገራል፤ እኔ ግን ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ሰዓት ርዝመት ስመለከት፣ በጠላ ከሆነ ዕርቁ ቀርቶ ሽማግሌዎቹም በተጣሉ ነበር እላለሁ።

ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራባት ያች ሱሉልታ፣ ማለዳ ማለዳ ጉም ሳይገለጥ አትሌቶች ሲያልፉባት ታያላችሁ። እነርሱ ጉልበታቸውን በመጀመሪያው ዙር እንዳይጨርሱ ይጠነቀቃሉ። በዚያው መንገድ ዳር ማታ የሚቀመጠው ወገን ግን ይህን ጥበብ በየቀኑ እያየ አልተማረውም።

ሚዛኑ እንዳያዘነብል የቅራሪን ነውር ደግሞ ልናገር። አንደኛ፣ ቀጭን ነው ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አምስት ጣሳ ቅራሪ የጠጣ ሰው እቤቱ ገብቶ «ቅራሪ ብቻ እኮ ነው የቀመስሁት» ሲል ባለቤቱ የማታምነው በክፋት አይደለም፣ ሒሳብ ስለምታውቅ ነው። መኪና ይዞ ለመጣውም ሰው ቅራሪ ምስክር ሆኖ አይቆምለትም። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ውኃ እንጂ ሦስተኛና አራተኛ ውኃ ቅራሪ አይባልም፤ ስስት የያዛት ጠማቂ ጋኑን ደጋግማ ስታጠጣው የሚወጣው የድፍድፉ ትዝታ ነው፤ ለእርሱ ገንዘብ መጠየቅ ኃጢአት ባይሆንም ድፍረት ነው። ሦስተኛ፣ ቅራሪ አያድርም፤ ኃይሉ ትንሽ ስለ ሆነ ጠላ የሚቆየውን ያህል መቆየት አይችልም፣ ቶሎ ይሆመጥጣል። ስለዚህ ነጋዴ በጠርሙስ አሽጎ ወደ ሩቅ አገር ሊልከው፣ ባለሀብትም በመጋዘን አከማችቶ ዋጋው እስኪወጣ ሊጠብቀው አልቻለም። ይህን ሦስተኛውን ነውር ብዬ ከጻፍሁት በኋላ ሳስበው፣ ነውር መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሙያውም እየሳሳ ነው። ጋኑ ለፕላስቲክ በርሜል ቦታውን እየለቀቀ ነው፤ በርሜል ደግሞ ወይራ አይታጠንም፣ ቢታጠንም ጭሱን አይዝም። የማገዶው ዋጋ ከገብሱ ዋጋ ጋር ይሽቀዳደማል። የጠማቂዎቹ ሴት ልጆችም በቅራሪ ተምረው የቢሮ ሠራተኛ ሆነዋልና ወደ ምጣዱ ጭስ አይመለሱም፤ በዚህ አዝናለሁ ብል ግብዝነት ነው፣ እናቶቻቸው የደከሙት ለዚሁ ነበርና። በቦሌ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ ቅራሪን በረጅም ብርጭቆ፣ በስተላዩ የጌሾ ቅጠል ሰክቶበት፣ የፈረንጅ ስም አውጥቶለት ሊሸጥልን የሚችልበትም ቀን ሩቅ አይመስለኝም፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዝዙታል።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ በሰንበት ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ስትወጡ ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ካገኛችሁ ጎራ በሉና ቅራሪውን በስሙ ጠርታችሁ አዝዙ። ባለቤቲቱ ለእናንተ ክብር ተጨንቀው «የለም፣ ጠላ ነው ያለን» ቢሏችሁ አትመኗቸው፤ አለ። ሒሳቡንም ስትከፍሉ የጠላውን ዋጋ ክፈሉ፤ ጌሾው፣ ማገዶውና ጭሱ ለሁለቱም አንድ ነውና።